ለእኔ የተሰጠኝ ስህተት

ዘጠነኛ ክፍል ሳለሁ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ እንድሳሳት ታዘዝኩ። እስከዚያ ድረስ እንዲህ ያለ ትእዛዝ የሰጠኝ ሰው አልነበረም። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አንደኛ እወጣ ነበር፤ ሌላ ሙያም አልነበረኝም። አባቴ ካርዶቼን ከዳዊቱ ጋር በአንድ ማኅደር ውስጥ ነበር የሚያስቀምጣቸው። እንግዳ ሲመጣ ማኅደሩ ይከፈታል፤ ቀድሞ የሚወጣው ግን ዳዊቱ አልነበረም።

ትምህርት ቤታችን ከደብረ ታቦር ወደ ንፋስ መውጫ በሚወስደው መንገድ፣ ገሳይ ከታለፈ በኋላ ካሉት ትንንሽ ከተሞች በአንዷ ውስጥ ነበር። የከተማዋን ስም አልጠራም፤ እሷ ምንም አላጠፋችም። ክፍላችን ውስጥ ስድሳ ምናምን ተማሪዎች ነበርን፣ አንድ ዴስክ ላይ አራት አራት ሆነን። መስኮቶቹ መስታወት ስላልነበራቸው የጉና ብርድ ሳይመዘገብ ገብቶ አብሮን ይማር ነበር።

የሒሳብ መምህራችን ገና ሠላሳ ያልሞላቸው ቀጭን ሰው ነበሩ። ቀልድ ሲናገሩ ፊታቸው አይፈታም፤ ስለዚህ መቼ መሳቅ እንዳለብን ለማወቅ ሁለት ወር ፈጀብን። ሚስታቸው አንበሳሜ ተመድባ በነርስነት ትሠራለች። እሳቸው እዚህ፣ እሷ እዚያ፤ ባልና ሚስትን የሚመድበው ሰው ካርታ አይቶ አያውቅም መሰለኝ። ዓርብ ዓርብ የመጨረሻው ክፍለ ጊዜ እንዳለቀ ኮታቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው መንገድ ዳር ይቆማሉ። አይሱዙ ከተገኘ በአይሱዙ፣ ካልተገኘ በተገኘው ደብረ ታቦር ይገባሉ፤ ከዚያ ሌላ መኪና ይዘው ወደ አንበሳሜ። ሰኞ ጠዋት የፒስታውን አቧራ እንደለበሱ ሰሌዳው ፊት ይቆማሉ። ጠመኔ ሳይነኩ ነጭ ሆነው ነበር የሚመጡት።

የዚያን ሰሞን የምንማረው ስኩዌር ሩት ውስጥ የተቀመጠ ኤክስን እንዴት አቃልለን እንደምናወጣው ነበር። ነገሩ ሲያዩት ቀላል ነው። ሠላሳ ስድስት ስኩዌር ሩት ውስጥ ካለ ስድስት ሆኖ ይወጣል። ኤክስ ስኩዌርስ? ሁላችንም በአንድ ድምፅ «ኤክስ!» አልን። መምህራችን ጠመኔውን አስቀምጠው ትንሽ አዩን።

«ኤክስን ታውቁታላችሁ?» አሉን።

ጠመኔውን መልሰው አነሡ።

«ኔጌቲቭ ሦስት ቢሆንስ? ስኩዌር ሲሆን ዘጠኝ ነው። የዘጠኝ ስኩዌር ሩት ደግሞ ሦስት ነው እንጂ ኔጌቲቭ ሦስት አይደለም። እናንተ ግን ማን እንደሆነ ሳትጠይቁ በበሩ አሳለፋችሁት።»

መፍትሔው አብሶሉት ቫልዩ ነው፤ ከኤክስ ግራና ቀኝ የሚቆሙ ሁለት ቀጥ ያሉ መስመሮች። በእነሱ መካከል የገባ ቁጥር ኔጌቲቭ ቢሆን እንኳ ኔጌቲቭነቱን ጥሎ ነው የሚወጣው። መምህራችን እነዚህን መስመሮች «ዘበኞቹ» ይሏቸው ነበር። ዘበኞቹን የረሳ ተማሪ ጥያቄውን በሙሉ ሠርቶ ዜሮ ያገኛል። በመጀመሪያው ፈተና ከስድሳ ምናምናችን ዘበኞቹን ያቆምነው ሦስት ነበርን። ከሦስቱ አንዷ እኔ እንደነበርኩ መናገር አያስፈልግም፤ ግን ተናግሬዋለሁ።

ኅዳር ላይ ከበላይ ወረቀት መጣ። ሱፐርቫይዘር ሊመጡ ነው። የመምህራችንን ክፍለ ጊዜ ተቀምጠው ያያሉ፣ ቅጽ ይሞላሉ፤ ቅጹ ላይ የሚገኘው ውጤት ደግሞ ለዝውውር ይቆጠራል። አንበሳሜ ላይ አንድ የሒሳብ መምህር ቦታ ተከፍቶ ነበር። መምህራችን ምንም ሳያለባብሱ ነገሩን፦

«ልጄ ሰባት ወሩ ነው። ቅዳሜ ሲያየኝ ያለቅሳል፤ እሑድ ሊለምደኝ ሲል እሄዳለሁ። ይኸ ዝውውር ካልተሳካ፣ ሲያድግ ‹እንግዳ መጣ› ብሎ ጠላ ይቀዳልኛል።»

መሳቅ እንዳለብን እርግጠኛ ስላልሆንን አልሳቅንም።

ለሱፐርቫይዘር የሚሰጥ ትምህርት እንዴት እንደሚዘጋጅ ለማያውቅ ልንገረው። አይሰጥም፣ ይጠናል። ቅጹ የሚፈልገው ነገር ብዙ ነው። ተማሪዎች በንቃት መሳተፍ አለባቸው። ሴቶች ወደ ሰሌዳ መውጣት አለባቸው። ደካማ ተማሪዎች መደገፍ አለባቸው። ስህተት ሲፈጠር ተማሪ ተማሪን ማረም አለበት፤ ይህ ማለት ስህተት የግድ መፈጠር አለበት ማለት ነው። በአካባቢ ከሚገኝ ቁሳቁስ የተሠራ መርጃ መሣሪያም መኖር አለበት። ተማሪው ሒሳቡን ማወቅ አለበት የሚል ሣጥን ግን አላስታውስም፤ ምናልባት ከወረቀቱ ጀርባ ይሆናል።

መርጃ መሣሪያው ድንች ነበር። በእኛ አገር በአካባቢ የሚገኝ ቁሳቁስ ከተባለ ከድንች ሌላ ምን አለ? መምህራችን ሠላሳ ስድስት ድንች ከገበያ ገዝተው ጠረጴዛው ላይ በቁመት ስድስት፣ በወርድ ስድስት አድርገው ደረደሩት። የሠላሳ ስድስት ስኩዌር ሩት ስድስት መሆኑን ማንም በዓይኑ ያያል፣ ቢፈልግም ይልጠዋል። ኤክስ ግን ገበያ ላይ አልተገኘም። እሱን በጠመኔ ልንወጣው ተስማማን።

ከዚያ ድርሻ ተከፋፈለ። አንዲት ሴት ተማሪ ሰሌዳ ላይ ወጥታ ሠላሳ ስድስት ኤክስ ስኩዌርን ከስኩዌር ሩት ታወጣለች፤ ዘበኞቹን ትረሳለች። አንድ ደካማ ተማሪ ተነሥቶ ያርማታል። ክፍሉ ያጨበጭባል። ሦስት ሣጥን በአንድ ጥያቄ ይሞላል ማለት ነው። መምህራችን ሒሳብ አዋቂ ነበሩ።

የምትሳሳተዋ ሴት እኔ ነበርኩ።

ጆሮዬን አላመንኩትም። ሌላ ሴት የለችም ወይ ብዬ ጠየቅሁ፤ አሥራ ዘጠኝ ነበርን፣ አብዛኞቹም ሳይታዘዙ የሚሳሳቱ።

«ችግሩ እሱ ነው» አሉኝ። «ሌላዋን ባዝዛት የት ላይ እንደምትሳሳት አላውቅም። አንቺ ግን የት ላይ እንደምትሳሳቺ ታውቂያለሽ።»

ዛሬ ሳስበው በትምህርት ዘመኔ ከሰማሁት ሙገሳ ሁሉ ይህ ይበልጣል። ያኔ ግን የሰማሁት «ትሳሳቺያለሽ» የሚለውን ብቻ ነበር።

አራሚዬ የኋላ ወንበር ልጅ ነበር፤ ከመጨረሻው ሦስተኛ የሚወጣ፣ ረጅም፣ ማንንም የማያስቀይም። ዲያቆን ስለሆነ በቃል መያዝ ይችልበታል። በቄስ ትምህርት ቤት ስንት ዓመት ሲቀጽል ያደገ ልጅ ነውና የተሰጠውን ንግግር በአንድ ቀን ሸመደደው፤ በቅዳሴ ላይ ተራው ሲደርስ እንደሚመልሰው ሁሉ በቦታው፣ በዜማው፣ አንዲት ፊደል ሳያጎድል። ንግግሩ ይህ ነበር፦ «እህታችን ጥሩ ሞክራለች። ነገር ግን አብሶሉት ቫልዩ ረስታለች። እኔ ላስተካክልላት።» ከዚያ ሁለቱን መስመሮች ያሰምራል፤ እኛ ሦስት ጊዜ እናጨበጭባለን። ቅዳሴው በዚህ ያበቃል።

ሦስት ቀን ተለማመድን። ሦስት ቀን ሙሉ ተሳሳትኩ። አራሚዬ ሦስት ቀን ሙሉ በዚያ ጣፋጭ ድምፁ «እህታችን ጥሩ ሞክራለች» አለኝ። ሞክራለች! እኔ! ቢሆንም ቻልኩት። ደግሞም የመምህራችን ልጅ ነገር አሳዝኖኝ ነበር። ለአንዲት ቀን፣ ለአንድ ሕፃን ሲባል ብሳሳት ምን እሆናለሁ ብዬ ራሴን አሳመንኩ። ቸርነቴ ለራሴም ገርሞኝ ነበር።

ያቺን ቸርነት ያበላሻት አባቴ ነው። አባቴ የወላጅ ኮሚቴ አባል ነበር፤ የተመረጠበት ስብሰባ ላይ ስላልተገኘ እምቢ የሚልበት ዕድል አላገኘም። በዋዜማው ቤት ገብቶ «ነገ ከእንግዳው ጎን ነው የምቀመጠው» አለ።

«የት?» አልኩት።

«እናንተ ክፍል ነዋ። ሰሌዳ ላይ ትወጫለሽ አሉኝ። እውነት ነው?»

«እወጣለሁ» አልኩት።

«እንግዲያው ጋቢዬን እጠቡልኝ» አለ።

በኅዳር ብርድ፣ በዚያ ሰዓት ጋቢ አይታጠብም፤ አይደርቅማ። ታጠበ። እሳት ዳር ተዘርግቶ ሳየው አንድ ዐረፍተ ነገር ብናገር ኖሮ ሁሉም ነገር ያልቅ ነበር፦ «ነገ የምሳሳተው ታዝዤ ነው።» አራት ቃል ነው። አባቴም ይገባው ነበር። አልተናገርኩም። ምክንያቴን ዛሬም በደንብ አውቀዋለሁ፤ ታዝዛም ቢሆን የምትሳሳት ልጅ እንዳለችው እንዲያውቅ አልፈለግሁም።

በማግሥቱ ሱፐርቫይዘሩ መጡ። ደልደል ያሉ፣ ጃኬት የለበሱ፣ ቅጻቸውን ጠንካራ ሰሌዳ ላይ ቆንጥጠው የያዙ ሰው ነበሩ። ከኋላ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጡ፤ አባቴ ጫፉ ገና እርጥብ የሆነውን ጋቢ ለብሶ ከጎናቸው ተሰየመ። ሱፐርቫይዘሩ ድንቹን እንዳዩ ብዙ ጻፉ። ተነሥተውም አንዱን ድንች አንሥተው ገለባብጠው አዩትና መልሰው በቦታው አስቀመጡት። መምህራችን ስለ ስድስት በስድስት አስረዱ፤ ሁላችንም ትናንት በተነገረን ቦታ ላይ «ገባን!» አልን። ከዚያ ተጠራሁ።

ጠመኔውን ይዤ ጻፍኩ። ስኩዌር ሩቱን አሰመርኩ፣ ሠላሳ ስድስት ኤክስ ስኩዌርን አስገባሁ፣ እኩል ነው ብዬ ስድስትን ጻፍኩ። አሁን የሚቀረኝ ባዶውን ኤክስ ጽፎ መቀመጥ ነው። በዚህ መሐል ዘወር አልኩ። አባቴ አንገቱን አስግጎ፣ አፉን ትንሽ ከፍቶ ያየኛል፤ ወንጌል ሲነበብ እንደሚሆነው ሆኖ። ሰሌዳው ላይ ካለው ሒሳብ አንዲት ፊደል እንደማይገባው አውቃለሁ። ነገር ግን ልጅ ስትታረም ለማወቅ አልጀብራ አያስፈልግም።

አንደኛውን ዘበኛ አቆምኩ። ኤክስን ጻፍኩ። ሁለተኛውን ዘበኛ አቆምኩ። እንደዚያ ቀን ቀጥ ያለ መስመር አሥምሬ አላውቅም። ደረቴን ነፍቼ ወደ ቦታዬ ተመለስኩ።

የመምህራችን ፊት አልተለወጠም፤ ድሮም የሚለወጥ ፊት አልነበረም። አፋቸውን ሊከፍቱ ሲሉ ግን አየሁ፤ «ጎበዝ» ብለው ወደሚቀጥለው ሊያልፉ ይመስለኛል። ቢያልፉ ኖሮ ምንም አይፈጠርም ነበር። ግን አራሚዬ ቀድሟቸው ተነሣ።

ሰሌዳውን አላየም። ለምን ያያል? በቃሉ ይዞታል። ወደ ፊት ወጥቶ ፊቱን ወደ እንግዳው አዙሮ በዚያ በተለመደው ዜማ «እህታችን ጥሩ ሞክራለች። ነገር ግን አብሶሉት ቫልዩ ረስታለች። እኔ ላስተካክልላት» አለ። ጠመኔ አነሣና ከእኔ ዘበኞች ግራና ቀኝ ሌላ ሁለት ዘበኛ ጨመረ። ክፍሉ ሦስት ጊዜ አጨበጨበ፤ እኔም አጨበጨብኩ፤ ለምዶብኛል።

ሱፐርቫይዘሩ ብዕራቸውን አቆሙ።

«ቆይ፣ ቆይ» አሉት ልጁን። «ረስታለች ያልከው ምኑን ነው?»

«አብሶሉት ቫልዩ።»

«ይኸ ከውስጥ ያለውስ ምንድን ነው?»

አራሚዬ በዚያ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ሰሌዳውን አየ። ረጅም ጊዜ አየው። «እሱም አብሶሉት ቫልዩ ነው» አለ።

ሱፐርቫይዘሩ ወደ መምህራችን ዞሩ። «መምህር፣ የትኛው ነው ልክ? የልጅቷ ወይስ የልጁ?»

«ሁለቱም ልክ ናቸው» አሉ መምህራችን።

እውነታቸውን ነበር። በመጀመሪያዎቹ ዘበኞች መካከል ኔጌቲቭነቱን የጣለ ቁጥር በሁለተኛዎቹ መካከል ሲያልፍ የሚጥለው የለውም። ዘበኛ ቢደረብ መልሱ ያው ነው። ነገር ግን እውነት በዚያች ሰዓት ያለ ቅጥ ቀልድ መስላ ተገኘች።

«ሁለቱም ልክ ከሆኑ እርማቱ ለምን አስፈለገ? ጭብጨባውስ ለምንድን ነው?»

መምህራችን አንድ ጊዜ ወደ እኔ አዩ። ቁጣ አልነበረበትም፤ ቁጣ ቢሆን እመርጥ ነበር። «ይህች ልጅ እንድትሳሳት ተነግሯት ነበር» ማለት ይችሉ ነበር። አባቴ ግን እዚያው ተቀምጧል።

«ጭብጨባው ለድንቹ ነው» አሉ።

ክፍሉ በሙሉ ከት ብሎ ሳቀ። እሳቸው ሲቀልዱ መሳቅን ለመማር ሁለት ወር ፈጅቶብናል፤ ሱፐርቫይዘሩ ግን የመጡት ለአንድ ቀን ብቻ ነበር።

ድንቹ ተቀቅሎ በአዋዜ ለእንግዳው ምሳ ሆነ። ከሰዓት በኋላ ከአባቴ ጋር ወደ ቤት ስንሄድ፣ መንገዱን ስናጋምስ፦

«ሰውየው ሲጽፉ ከጎናቸው ስለነበርኩ አነበብኩት» አለኝ። «መርጃ መሣሪያ፣ እጅግ በጣም ጥሩ ይላል። ከግርጌው ደግሞ ትምህርቱ ቀድሞ የተጠና ድራማ ነው ይላል። ድራማ ምንድን ነው?»

«ጨዋታ ነው» አልኩት። «ለሰው ሁሉ ድርሻ ይሰጠዋል፤ እሱን ሆኖ ይታያል።»

«እንዲያ ነው? ያንቺ ድርሻ ምን ነበር?»

«ሰሌዳ ላይ መጻፍ።»

«እሱንማ አሳምረሽ ተወጣሽው» አለኝ፤ ጋቢውንም አስተካክሎ ደረበ። ቤት እስክንደርስ ቀና ብዬ አላየሁትም።

የዝውውሩ ዝርዝር ጥር ላይ ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ተለጠፈ። አንበሳሜ ለሌላ ሰው ደርሷል። መምህራችን ከላይ እስከ ታች አንብበውት ደወሉ ሲደወል ወደ ክፍል ገቡ። ዓርብ ደግሞ ኮታቸውን ጣል አድርገው መንገድ ዳር ቆሙ። ስለዚያ ቀን አንዲት ቃል አልተናገሩኝም። ቢሰድቡኝ፣ ቢያንበረክኩኝ፣ እኔም አልቅሼ በተገላገልኩ ነበር። ይልቅ ሰሌዳ ላይ መጥራት ተዉኝ። እጄን ሳወጣ በትሕትና ያዩኛል፣ ከዚያ ሌላ ሰው ይጠራሉ።

አራሚዬ ግን መጣ። በእረፍት ሰዓት ለብቻዬ አግኝቶኝ «እኔ ነኝ ያበላሸሁት» አለኝ። «ቀና ብዬ ሰሌዳውን አይቼ ቢሆን ኖሮ እኮ ዝም እል ነበር። ቲቸርንም ይቅርታ ጠይቄአቸዋለሁ። አንቺንም አሳፈርኩሽ።»

«ግድ የለም» አልኩት። ይቅር አልኩት! እንዲህ ለጋስ ነበርኩ።

ሚያዝያ ላይ አንድ ሰኞ መምህራችን አቧራቸውን ሳያራግፉ ገብተው «ልጄ መራመድ ጀመረ» አሉን። ማጨብጨብ ስንጀምር እጃቸውን አንሥተው አስቆሙን። «ከእኔ ሸሽቶ» አሉ። የዚያን ቀን መሳቅ ያለብን መቼ እንደሆነ ሁላችንም እናውቅ ነበር፤ ማንም ግን አልሳቀም። እኔ ደብተሬን አቀርቅሬ ማንበብ ያዝኩ፤ ገጹ ባዶ ነበር።

በሰኔው የማጠቃለያ ፈተና ያ ጥያቄ ተመልሶ መጣ። ሠላሳ ስድስቱ በአርባ ዘጠኝ ተለውጧል እንጂ ያው ነው። እርሳሴን ይዤ ብዙ ቆየሁ። ከዚያ ሰባት ኤክስ ብዬ ጻፍኩ፤ ያለ ዘበኛ፣ ባዶውን። ኅዳር ላይ የታዘዝኩትን ስህተት ሰኔ ላይ ሠራሁት። ይቅርታ መጠየቄ ነበር፤ በአፌ ሄጄ ለመጠየቅ ወኔ ስላልነበረኝ በወረቀት ላኩት። ትልቅ መሥዋዕትነት እንዳይመስላችሁ፣ አስቀድሜ አስልቼዋለሁ፤ ሁለተኛውን ተማሪ በአሥራ አንድ ነጥብ እመራው ነበር። ይቅርታዬ እንኳ ደረጃዬን በማይነካው በኩል ነበር የሄደችው።

ወረቀቱ ሲመለስ መምህራችን ሁለቱን መስመሮች ራሳቸው በቀይ አስገብተዋቸዋል። ነጥቧንም ቆርጠዋል። ከጎኑ በቀይ አንድ ቃል ብቻ ተጽፏል።

አባቴ ካርዱንና ወረቀቱን ተቀብሎ እንደ ልማዱ ማኅደሩን ከፈተ። አንደኛ መውጣቴን አየ፣ ደስ አለው። ወረቀቱን ሲያጥፍ ቀዩ ዓይኑ ውስጥ ገባና ወደ ብርሃኑ አስጠግቶ አነበበው።

«‹ዘገየሽ› ይላል» አለኝ። «ምነው፣ ፈተናው ላይ አርፍደሽ ነበር እንዴ?»

«አዎ» አልኩት።

ከዳዊቱ ጋር አስቀመጠው።